ልጅ የጠፋበት ቤት
ስለ አደራ ወላጅነት ብቃትና ስለ ቤተሰብ ሰላም፤ ለካቴኪስቶችና ለምእመናን የቀረበ ጥናት

መቁጠሪያ የምንደግም ምእመናን ከደስታ ምሥጢራት አምስተኛው ላይ ስንደርስ ሕፃኑ ኢየሱስ በቤተ መቅደስ መገኘቱን እናስባለን። ይህንኑ ታሪክ ቤተ ክርስቲያን ከእመቤታችን ሰባት ኀዘኖች መካከል ሦስተኛ አድርጋ ትቆጥረዋለች። አንድ ድርጊት በደስታም በኀዘንም መዝገብ ውስጥ የገባው ያለ ምክንያት አይደለም፤ ከመገኘቱ በፊት የመጥፋት ሦስት ቀናት ነበሩና። በዚህ ጥናት የምንመለከተው እነዚያን ሦስት ቀናት ነው። የምንመለከታቸውም ከኢየሩሳሌም ርቀን፣ በአዲስ ከተማ ክፍለ ከተማ፣ በመርካቶ ተራዎች መካከል ቆመን ነው።

መርካቶን ለማያውቅ አንባቢ ጥቂት እንበል። ጣሊያኖች በወረራው ዘመን የአራዳን ገበያ ከቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አካባቢ አንሥተው ወደ ምዕራብ ሲያዛውሩት፣ የአገሬው ሰው ገበያ የሚሆን አዲስ ሰፈር ቆረጡ፤ «አዲስ ከተማ» የሚለው ስምና በጣሊያንኛ ገበያ ማለት የሆነው «መርካቶ» አብረው ቀሩ። ዛሬ ከምናለሽ ተራ እስከ ሸራ ተራ፣ ከበርበሬ በረንዳ እስከ ጎማ ተራ ባለው መተላለፊያ፣ በተለይ በበዓል ዋዜማ፣ እናት የልጇን እጅ ለአንድ አፍታ ብትለቅ ተሸካሚውና ጋሪው በመካከላቸው ይገባል። እንዲህ ያለው መጥፋት አብዛኛውን ጊዜ በሰዓታት ውስጥ ያበቃል፤ አንድ ባለሱቅ ልጁን በርጩማ ላይ አስቀምጦ ሻይ ሲያጠጣው ይገኛል። መርካቶ በዚህ ረገድ ከስሙ የተሻለ ልብ አለው።

ነገር ግን መርካቶ ከሌላ ቦታ የጠፉ ልጆችም የሚደርሱበት ሰፈር ነው። አውቶቡስ ተራ ለብዙ ዓመታት ከየክፍለ ሀገሩ የሚመጣው መንገደኛ የሚወርድበት ቦታ ሆኖ ቆይቷል። ከመንገደኛው ጋር፣ «አስተምርሃለሁ» በሚል ዘመድ ወይም ደላላ የተወሰደ፣ ወይም ከእንጀራ አባት ዱላ የሸሸ፣ ወይም በረኃብ ምክንያት በራሱ እግር የተነሣ ልጅም ይወርዳል። ከዚያ በኋላ ሊስትሮ፣ ሚዛን፣ ሎተሪ፣ ሸክም፤ ማታ ደግሞ በረንዳና ማስቲሽ። ከእነዚህ ልጆች መካከል ወደ ወላጆቹ የሚመለስ አለ፤ የሚመለስበት ቤት የሌለው ወይም ቤቱ እስኪገኝ ድረስ መጠለያ የሚፈልግም አለ። አደራ ቤተሰብ የምንለው ለዚህ ለሁለተኛው ወገን የሚያስፈልገውን ቤት ነው።

ሁለቱን ነገሮች በአንድ ጥናት ያያያዝናቸው ስለዚህ ነው። አደራ የተቀበለው ቤተሰብ ራሱ ልጁን ያጣ እንደሆነ ምን ይሆናል? ቤቱ ብቁ አልነበረም ማለት ነውን?

የናዝሬቱ አሳዳጊ

ሉቃስ ወንጌል 2፥41-52 በጥንቃቄ ይነበብ። ወላጆቹ ልጁ ከዘመዶችና ከወዳጆች ጋር ነው ብለው የአንድ ቀን መንገድ ሄዱ። ይህ ቸልተኝነት አልነበረም፤ በመንደር አብሮ የሚጓዝ ሕዝብ ልማድ ነው። እኛም ልጅን ለጎረቤት ጥለን እንወጣለን፤ ጎረቤትም ለእኛ ይጥላል። ማታ ባጡት ጊዜ ግን ነገሩን አልሸሸጉም። ዘመድ አዝማዱን ሁሉ ጠየቁ፤ ከዚያም የመጡበትን መንገድ ተመልሰው ወጡ።

ከሁሉም በላይ ልናስተውለው የሚገባው የማርያም አነጋገር ነው። ዮሴፍ ልጁን በሥጋ አልወለደውም፤ በአደራ ተቀብሎ የሚያሳድግ ሰው ነው። ልጁ የጠፋው ደግሞ እርሱ የቤቱ ራስ ሆኖ በሚመራው ጉዞ ላይ ነው። በብዙ ቤት ቢሆን ኖሮ፣ «የራስህ ልጅ ቢሆን እንዲህ ትተወው ነበር?» የሚል ቃል ይወጣ ነበር። እርሷ ግን ልጁን ባገኘችው ጊዜ ዮሴፍን «አባትህ» ብላ ከራሷ ጋር አንድ ላይ ጠራችው፤ ጭንቀቱንም የሁለታቸው አደረገችው። ጳጳስ ዮሐንስ ጳውሎስ 2ኛ እ.ኤ.አ. በ1989 ስለ ቅዱስ ዮሴፍ በጻፉት ሐዋርያዊ ምክር፣ እንዲሁም ጳጳስ ፍራንቸስኮስ እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጡት ሐዋርያዊ መልእክት፣ የዮሴፍ አባትነት የይስሙላ እንዳልነበረ አጥብቀው ያስተምራሉ። ወንጌላዊው ዮሴፍ የተናገረውን አንድ ቃል እንኳ አልጻፈልንም፤ ስለዚህ በእነዚያ ሦስት ቀናት ምን ብሎ እንደሆነ በአፉ ቃል ልናስገባ አይገባንም።

የልጁ መልስም ለጥናታችን ቁልፍ ነው። እርሱን በዘመዶች መካከል ሲፈልጉት፣ እርሱ በአባቱ ቤት ነበረ። ይህን የምናነሣው የጌታችንን ምሥጢር ወደ ተራ ነገር ለማውረድ አይደለም። ነገር ግን በአደራ ቤት ያለ ልጅ ሲጠፋ ብዙ ጊዜ የሚሄደው ወደ ራሱ ወገን ነው፤ ወደ እናቱ፣ ወደ አያቱ፣ ወደ ታናሽ እኅቱ፣ ወይም አብረውት በረንዳ ወዳደሩት ጓደኞቹ። ልጁን የምንፈልግ ሰዎች አስቀድመን ልንጠይቅ የሚገባን «ከእኛ ምን ጎደለበት?» የሚለውን ብቻ አይደለም፤ «የማን ናፍቆት ያዘው?» ብለንም እንጠይቅ።

ድንኳን የሌለው ኀዘን

አንድ ቤተሰብ እንውሰድ፤ ለትምህርት ያህል የምናስበው ቤተሰብ ነው። ባልና ሚስት በሰባተኛ አካባቢ በአንድ ክፍል የቀበሌ ቤት ይኖራሉ። ባል ጎማ ተራ ይውላል፤ ሚስት ቅመም ትቸረችራለች። የወለዷቸው ሁለት ልጆች አሏቸው፤ አንድ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ደግሞ በአደራ ተቀብለዋል። በአራተኛው ወር፣ አንድ ቅዳሜ፣ ልጁ ዘይት ሊገዛ ወጥቶ አልተመለሰም።

በመጀመሪያው ሌሊት ሰፈሩ ሁሉ ይነሣል። የሰፈር ወጣቶች እስከ አንዋር መስጊድና እስከ ራጉኤል ድረስ በባትሪ ይፈልጋሉ፤ እስላሙም ክርስቲያኑም አብሮ ይወጣል። በሦስተኛው ቀን ጠያቂው ይቀንሳል። በሁለተኛው ሳምንት ወሬ ይጀምራል። «የሰው ልጅ ስለሆነ ነው እንጂ…» ይባላል፤ ወሬውም በቡና ላይ ዞሮ ከሚስቲቱ ጆሮ ይደርሳል። ባል ሱቁን መዝጋት ስላልቻለ ይወጣል፤ ሚስት ይህን እንደ ጭካኔ ትቆጥረዋለች። እርሷ በየምሽቱ በሩ ላይ ትቀመጣለች፤ እርሱ ይህን ለእርሱ እንደ ተቃጣ ወቀሳ ይወስደዋል። «ዘይቱን ማን ላከው?» የሚለው ጥያቄ በቤቱ ውስጥ መቶ ጊዜ ይጠየቃል። ሁለቱ ልጆች ደግሞ ተረስተዋል፤ ወይም ከእንግዲህ ከደጅ አይወጡም ተብሎ ተዘግቶባቸዋል። ታላቂቱ በዚያ ጠዋት ከልጁ ጋር በብርድ ልብስ ተጣልታ ነበረና፣ ጥፋቱ የእርሷ እንደሆነ ታምናለች፤ ማንም ስላልጠየቃት ለማንም አትናገርም።

አሜሪካዊቷ ምሁር ፖሊን ቦስ በቬትናም ጦርነት የደረሱበት ያልታወቀ አብራሪዎችን ቤተሰቦች ሲያጠኑ፣ እንዲህ ያለው እጦት ከሞት ኀዘን በጠባዩ የተለየ መሆኑን አስተዋሉ። የጠፋው ሰው የለም፤ ግን አልሞተም። ቤተሰቡ ተስፋ ቢያደርግ ራሱን ያታለለ ይመስለዋል፤ ተስፋ ቢቆርጥ የከዳ ይመስለዋል። ከባልና ሚስትም አንዱ ወደ አንደኛው፣ ሌላው ወደ ሁለተኛው ሲያደሉ ጠብ ይነሣል። ጠቡ የፍቅር ማጣት ሳይሆን ኀዘኑ ራሱ የሚያመጣው እንደሆነ ለባልና ሚስቱ መንገር ብቻውን ብዙ ያሳርፋቸዋል።

በእኛ አገር ነገሩ ከዚህም ይከብዳል ብለን እናምናለን። ሞት ሲመጣ ምን እንደሚደረግ እናውቃለን። እድር ድንኳን ይተክላል፤ ጎረቤት ንፍሮ ይቀቅላል፤ ካህኑ ፍትሐት ያደርሳል፤ ተዝካሩ ቀን አለው። ለጠፋ ልጅ ግን ድንኳን አይተከልም። የእድሩ መተዳደሪያ ደንብ ስለ እርሱ የሚለው የለም። ፍትሐትም አይደረግለትም፤ በሕይወት ሊኖር ይችላልና። ያዕቆብ በዮሴፍ ምክንያት ልብሱን ቀድዶ መጽናናትን እንቢ ያለው ልጁ ሞቷል ብሎ ስላመነ ነው፤ ለእርሱ ቢያንስ የሐሰት ማስረጃ፣ በደም የተነከረ ቀሚስ፣ ቀርቦለት ነበር። የዚህ ቤተሰብ እጅ ግን ባዶ ነው።

ቁምስናው ይህን ክፍተት መሙላት ይገባዋል። ካቴኪስቱ ወይም የማርያም ማኅበር እናቶች በሦስተኛው ቀን ብቻ ሳይሆን በሦስተኛው ወርም ይሂዱ። ሄደው ብዙ አይናገሩ። «የእግዚአብሔር ፈቃድ ነው» የሚለውን ቃል በተለይ ከአፋቸው ይከልክሉ፤ ልጅ እንዲጠፋ እግዚአብሔር አይፈቅድም ብላ የምትጮህ እናት ከእኛ ይልቅ ለወንጌል ሳትቀርብ አትቀርም። በሰንበት ትምህርት ላይ ልጆቹን ለብቻቸው ማነጋገርም የካቴኪስቱ ድርሻ ነው። ቤተሰቡ ወደ ጠንቋይ እንዳይሄድ መምከር ይገባል፤ ነገር ግን የሄደን ሰው ከማውገዝ በፊት፣ እኛ ሳንጎበኘው ስንት ሳምንት እንዳለፈ እንቁጠር። ደግሞ የአፋልጉኝ ማስታወቂያ ከወጣ በኋላ ስልክ ደውሎ «ልጁ በእጄ ነው፤ ገንዘብ ላኩ» የሚል አጭበርባሪ አይጠፋምና፣ ስልኩን የሚያነሣ አንድ ልበ ቀዝቃዛ ዘመድ ይመደብ።

ፖሊስን በተመለከተ አጭር ቃል፦ አትዘግዩ። በአዲስ አበባ ፖሊስ ጣቢያዎች የሕፃናት ጥበቃ ክፍሎች መቋቋም የጀመሩት እ.ኤ.አ. በ1996 ነው። ልጁን በአደራ የሰጠው ድርጅት ወይም ጽሕፈት ቤትም በዚያው ቀን ይነገረው። ጦርነት ወይም መፈናቀል የለየውን ቤተሰብ ለማገናኘት የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር አገልግሎት ይሰጣል። አደራ ቤተሰቦች በኀፍረት ምክንያት፣ «ሌሎቹንም ይወስዱብናል» ወይም «ብቁ አይደላችሁም ይሉናል» ብለው ጥፋቱን የሸሸጉ እንደሆነ፣ የሚያመልጣቸው ጊዜ ለልጁ ከሁሉ የሚያስፈልገው የመጀመሪያው ሰዓት ነው።

ብቁ ማን ነው?

ሕጉ የሚለውን እናስቀድም። የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213/1992፣ የጉዲፈቻ ስምምነት በፍርድ ቤት ካልጸደቀ እንደማይጸና ይደነግጋል። ፍርድ ቤቱ የልጁን ጥቅም ይመዝናል፤ የልጁን አስተያየትም ይሰማል። ጉዲፈቻ አድራጊው ልጁን እንደ ልጁ በመንከባከብ ፈንታ እንደ ባሪያ የሚይዘው ከሆነ ጉዲፈቻው ሊሰረዝ ይችላል። በአዋጅ ቁጥር 1070/2010 ደግሞ የውጭ አገር ሰዎች ኢትዮጵያውያን ሕፃናትን በጉዲፈቻ መውሰዳቸው ቀርቷል፤ ስለዚህ ቤት የሌለው ልጅ ቤት የሚያገኘው ከእኛው ዘንድ ነው። በጊዜያዊነት በአደራ ስለ ማሳደግ የሴቶች ጉዳይ ሚኒስቴር እ.ኤ.አ. በ2009 ያወጣው መመሪያ፣ ልጁ ከመሰጠቱ በፊት የቤት ጥናት፣ ከተሰጠ በኋላም ክትትል እንዲደረግ ይጠይቃል።

ሕዝባችን ለዚህ ነገር እንግዳ አይደለም። ከኦሮሞ ወገኖቻችን የተገኘው ጉዲፈቻ፣ በአማራው ዘንድ የጡት ልጅና የማር ልጅ የሚባሉት ልማዶች፣ ያልወለዱትን መውለድ እንደሚቻል ያስተምራሉ። ነገር ግን ልማዱ ጥላም አለው። «እንደ ልጃችን እናሳድጋት» ተብላ ከገጠር የመጣች ልጅ፣ የቤቱ ልጆች ትምህርት ቤት ሲሄዱ እርሷ ውኃ ስትቀዳ የምናየው ስንት ቤት ነው? ይህ አደራ አይደለም፤ ደመወዝ የሌለው ቅጥር ነው።

በቁምስናችን ያሉ ሰዎች አደራ ወላጅ ለመሆን ሲያስቡ፣ ቆሞሱ ወይም ካቴኪስቱ ስለ ጠባያቸው ምስክርነት እንዲጽፍ ይጠየቃል። ብዙውን ጊዜ ደብዳቤው በአንድ ቀን ተጽፎ ማኅተም ይመታበታል፤ «መልካም ክርስቲያን ናቸው፣ በቅዳሴ አይቀሩም» ይላል። እኛ ይህን ልማድ እንቃወማለን። በቅዳሴ አለመቅረት መልካም ነው፤ ግን ሰውየው ማታ ጠጥቶ ሲገባ ምን እንደሚያደርግ አይነግረንም። ደብዳቤ የሚጽፍ ሰው አስቀድሞ ቤቱን ይጎብኝ። የቤቱን ስፋት አይለካ። አንድ ክፍል ቤት በመርካቶ ነውር አይደለም፤ ልጁ ከማን ጋር፣ በየትኛው መኝታ እንደሚተኛ ግን ይጠይቅ። ባልም ሚስትም በጠዋት ወጥተው በምሽት የሚገቡ ከሆነ፣ ልጁ ከትምህርት ቤት ሲመለስ በሩን የሚከፍትለት ማን እንደሆነ ይወቅ። አንደኛው ወገን ፈልጎ ሌላው በዝምታ የተቀበለው እንደሆነ፣ ዝምታው ስምምነት አይባልም። የቤቱ ልጆችም ይጠየቁ።

በዚህ ላይ የወ/ሮ አበበች ጎበና ታሪክ ብዙ ያስተምራል። እ.ኤ.አ. በ1980 ወደ ግሸን ማርያም በሄዱበት ጊዜ በወሎ ረኃብ የተጎዱ ሁለት ሕፃናትን ይዘው ወደ አዲስ አበባ ተመለሱ። የልጆቹ ቁጥር እየበዛ ሲሄድ ባለቤታቸውና ዘመዶቻቸው ተቃወሟቸው፤ እርሳቸውም ከትዳራቸውና ከቤታቸው ይልቅ ልጆቹን መርጠው ወጡ። ከዚያ የተነሣው ድርጅት እርሳቸው በ2013 ዓ.ም. እስካረፉ ድረስና ከዚያም በኋላ ስማቸውን ያስጠራ ሥራ ሠርቷል። እርሳቸውን እናከብራለን። ነገር ግን ለአንድ ተራ ቤተሰብ የምንሰጠው ምክር የተለየ ነው፦ የቤቱ ሰዎች ሁሉ ያልተቀበሉትን ልጅ አታስገቡ። እርሳቸው የከፈሉትን ዋጋ ማንም ሊከፍል አይችልም፤ ጠቡ መካከል የሚገኘውም ልጁ ነው።

ስለ ምክንያቱ ደግሞ ጠንቅቆ መጠየቅ ያስፈልጋል። ልጃቸው የሞተባቸው ወይም የጠፋባቸው ባልና ሚስት፣ «ሌላ እናሳድግ» ብለው የሚመጡበት ጊዜ አለ። አሳባቸው የተቀደሰ ነው፤ ሆኖም አዲሱን ልጅ በጠፋው ልጅ ስም የሚጠሩ፣ በእርሱ ልብስ የሚያለብሱ ከሆነ፣ ያ ልጅ ለራሱ የሚሆን ቦታ አላገኘም። እንዲህ ያለው ቤተሰብ በጊዜው ብቁ ሊሆን ይችላል። አሁን ግን «ቆዩ» ማለት ደግነት ነው። ይህንንም ደብዳቤ በመከልከል ብቻ ሳይሆን እየጎበኙ ሊነግሯቸው ይገባል።

ሌላው መለኪያ «አደራ» በሚለው ቃል ውስጥ አለ። አደራ ባለቤት አለው፤ ይመለሳል። የልጁ እናት ወይም አጎት በተገኘ ጊዜ ልጁን በሰላም የሚመልስ፣ እስከዚያም ስለ ወላጆቹ ክፉ የማይናገር፣ «ጥለውህ ሄዱ» የማይል ሰው ብቁ ነው። ልጁ ስለ እናቱ በነፃነት ማውራት የሚችልበት ቤት ከሆነ፣ ናፍቆት ሲይዘው በስውር አይወጣም፤ «ውሰዱኝ» ይላል።

አሁን ወደ ሰባተኛው ቤተሰብ እንመለስ። ልጁ ስለ ጠፋ ብቻ ብቁ አይደሉም ልንል አንችልም፤ እንዲያ ከሆነ ናዝሬትም በወደቀች ነበር። የምንመረምረው ሌላ ነገር ነው፦ ሲያጡት ወዲያው ተናገሩ ወይስ ደበቁ? የሄደው ወደ ማን ነው? ከምን ሸሽቶ ነው? ልጁ ከዱላ ሸሽቶ ከሆነ ግን፣ የቅድስት ቤተሰብን ምሳሌ ለመሸፈኛነት የሚጠቅስ ሰው ወንጌሉን ያለ አግባብ ይጠቀማል። ያ ቤት ለልጁ አይገባውም፤ ካቴኪስቱም ጎረቤት ቢሆን፣ አበልጅ ቢሆን፣ ይህንኑ መመስከር አለበት።

ልጁ ሲመለስ

ልጁ በተገኘ ቀን ሁሉም ሰው «የት ነበርክ?» ይላል። ይህ ጥያቄ ይቆይ። መጀመሪያ ይታጠብ፣ ይብላ፣ ይተኛ። ጉዳት ወይም ደፈራ የደረሰበት መስሎ ከታየ ግን ሐኪምና ፖሊስ ሳያዩት ልብሱ አይታጠብ፤ በሰፈርተኛ ፊትም አይመርመር። ፖሊስና አደራ የሰጠው ክፍል መገኘቱን ይወቁ። በቀጣዮቹ ቀናት ከቤቱ አንዱ፣ ልጁ ይበልጥ የሚቀርበው ሰው፣ ሥራ እየሠራ፣ ሽንኩርት እየላጠ ወይም ጫማ እየጠረገ ያነጋግረው። ልጅ ዓይን ለዓይን ሲታይ የማይናገረውን ጎን ለጎን ሲቀመጥ ይናገራል። ልጁ ከሁሉ በፊት ማወቅ የሚፈልገው፣ ስለሄደ ቦታው ለሌላ ተሰጥቶ እንደሆነ ነው። ስለዚህ ባልተመለሰበት ጊዜ ሁሉ ደብተሩና መኝታው ከቦታቸው አይነሡ።

በዚህ ሩብ ዓመት በየቁምስናው ያሉ ካቴኪስቶች ሁለት ነገር ቢያደርጉ እንመኛለን። አንደኛው በሰንበት ትምህርት ልጆች ስማቸውን ከነአያታቸው፣ የወረዳቸውን ቁጥር፣ የአንድ ስልክ ቁጥርና ለቤታቸው የሚቀርበውን ታዋቂ ቦታ በቃላቸው እንዲይዙ ማድረግ ነው፤ በአደራ ያሉትን በተለይ፣ የሚያውቁት የቀድሞውን አድራሻ ነውና። ሁለተኛው በየእድራቸው ስብሰባ አንድ ጥያቄ ማንሣት ነው፦ ልጅ ለጠፋበት አባል እድሩ ምን ያደርጋል? ድንኳን ባይተከልም፣ በተራ ውሎ ማደር፣ ለፍለጋ የሚሆን የትራንስፖርት ገንዘብና የሱቅ ጠባቂ መመደብ በደንቡ ሊገባ ይችላል።